ጺም የሌላቸው ሽማግሌዎች

ይድረስ ለምናፍቅዎ ለአያቴ ለአባባ ዓለምሰገድ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ ከሐይቅ ብርድ ጋር ታረቀ ወይ? እማማ ጸዳለ ደህና ናቸው? ልዑልቃልስ? እኛ ከኩርፊያ በስተቀር ሁላችን ጤና ነን።

ኩርፊያው የአባዬና የኤርትራዊው ጓደኛው የጋሽ ኣስመላሽ ነው። ስንት ዘመን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አብረው ሠርተው፣ ከአንድ ትሪ በልተው፣ ኢትዮጵያና ኤርትራ ሊዋጉ ነው የሚል ወሬ ቢመጣ ሰላምታ አቋረጡ። አባዬ ስልኩን ቼክ እያደረገ ከሶፋው ላይ ጦር ይመራል። ጋሽ ኣስመላሽም ዌምብሊ ካለው ሶፋቸው ይመልሳሉ። ሁለቱም ደረጃ ሲወጡ ያለከልካሉ፤ ግንባር የሚሄዱት ግን የአክስቴ ልጅ ልዑልቃልና የጋሽ ኣስመላሽ የወንድም ልጅ ናቸው።

ይሄኔ ያ እርስዎ ጋ የከረምኩበት ጊዜ ናፈቀኝ። በግጦሽ የተጣሉትን ጎረቤታሞች ከሽማግሌዎቹ ጋር ልታስታርቁ ሄዳችሁ፣ «እሺ ካላልክ አንቀመጥም» ብላችሁ የአንደኛው ደጅ ላይ እንደቆማችሁ ፀሐይ ሲመታችሁ ዋለ። እኔ ጥላዎ ሥር ቁጭ ብዬ ሸንኮራ እመጥ ነበር። የሚቀመጡበት አጥተው መስሎኝ አሳዘኑኝ። አሁን ሳስበው፣ መንግሥታትም ከመተኮሳቸው በፊት እንዲህ ደጅ ቢጠኑ ስንቱ እናት ባላለቀሰ።

ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ከጋሽ ኣስመላሽ ልጅ ከፍልሞና ጋር ሆነን ሳሎናቸው መሃል ተገተርን። ባለቤታቸው እትዬ ጸሃይነሽ ዝግኒ የሚሉትን ቀይ የሥጋ ወጥ አቀረቡ፤ ካልታረቁ አንቀመጥም አልን። ሽታው ግን፣ አባባ፣ ከባድ ፈተና ነበር። ጋሽ ኣስመላሽ ድሮ ሽማግሌ ጺም ነበረው ብለው ሳቁብን።

«ጺም እስክናበቅል ጦርነቱ አይጠብቀንም» አልኳቸው።

ሳቃቸው ጠፋ። የወጡን ሰሃን ወደ እኛ ገፋ አደረጉና፣ «የብርሃኑ አባት ከደወሉልኝ እምቢ አልልም» አሉ።

እንግዲህ የቀረው የእርስዎ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ለጋሽ ኣስመላሽ፣ ቀጥሎ ለአባዬ ይደውሉልኝ። አባዬ አያስቸግርዎትም፤ የእርስዎን ስልክ የሚያነሳው ከሶፋው ብድግ ብሎ ነው።

እማማ ጸዳለን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። አክስቴ ማኑሄን፣ ጎረቤቶቻችሁን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ልዑልቃልን ግንባሩን ይሳሙልኝ፤ በቁመት በልጬዋለሁና ስመጣ እንድንለካካ እዚያው ቤት ይጠብቀኝ።

የልጅ ልጅዎ ቲጂ ብርሃኑ
ዊልስደን፣ ለንደን
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.