ከስተሃል ያሉኝ ሰዎች

ሶዶ፣ ጥቅምት

ለቀድሞ እጮኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? የሁምቦ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ትምህርት ቤቱስ፣ ልጆቹስ? እናትሽ እትዬ አሳየሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩሽን ደግሞ እንደ ወግ እንዳታልፊው። ዛሬ ጠዋት በብስክሌት ቦዲቲ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ዳገቱን አንድም ጊዜ ሳልወርድ ወጣሁት፤ ቤቴ ገብቼ አንድ ድስት ጎዳሬ ብቻዬን ጨረስኩ። የታመመ ሰው እንዲህ አይበላም። በእናንተ ቤት በኩል ሳልፍ ግን አንገቴን አላዞርኩም።

ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ ወዲህ ልጻፍልሽ አልጻፍልሽ እያልኩ ቆየሁ። እንዳልደውል ድምፅሽን ስሰማ እለሰልሳለሁ፣ መለስለስ ደግሞ አልፈለግኩም። ሁሉም ነገር አስጠልቶኛል። ምኑ ብትይኝ ከሰዉ ልጀምር ከሥጋው እሱንም አላውቅም።

ስንተጫጭ ምን እንደምመስል አንቺም አትረሺውም። ሸሚዜ ሆዴ ላይ አልቆለፍ ይል ነበር፣ እናትሽም አማች ማለት እንዲህ ሞላ ሲል ነው እያሉ በሰው ፊት ያሞግሱኝ ነበር። ቢሮ ደረጃ ስወጣ እንደማለከልክ ግን አያውቁም። ሙዓዝ ነው፣ ያ ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚሸጠው ጓደኛዬ፣ ሐዋሳ ላይ ስለሚደረገው ውድድር የነገረኝ። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ቀን፣ ሳያርፉ፤ ትራያትሎን ይሉታል። አብደሃል አልኩት። በሳምንቱ ሁለታችንም ሆቴሉ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ውሃ እየጠጣን ነበር።

የጠጣነውንም ውሃ ልንገርሽ። አረንጓዴ ነው። ፀጉር ይንሳፈፍበታል፣ የቁስል ፕላስተር ይንሳፈፍበታል፣ ማስቲካ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢራ ጠጥተው የሚገቡት ጎረምሶች ለሽንት እንደማይወጡ ደግሞ ማንም ያውቃል። እኔ ዋና ስላልቻልኩ በየትንፋሼ እጎነጨው ነበር። አንቺ በዚያ በጠባቡ ቁምጣዬ ስትስቂብኝ፣ ዘፋኝ መስለሃል ስትዪኝ፣ እኔ የጠጣሁትን ውሃ እየተፋሁ ነበር። ቢሆንም ወደድኩት። በሠላሳ ምናምን ዓመቴ ገላዬ የኔ ሆነ።

ከዚያ ከሳሁ። በኛ አገር ሰው የሚከሳው ወይ ሲያጣ ነው ወይ ሲታመም። ደሞዜ እንዳለ ነው፤ እንግዲህ ታምሜያለሁ ማለት ነው። ስፖርት ነው ስላቸው ምስኪን፣ ሊደብቅ ነው ብለው በሐዘኔታ ያዩኛል። የቸርች እህቶች ስሜን እየጠሩ ጾም ጸሎት ያዙልኝ። አንዱ ወንድም ዘይት ይዞ ቢሮዬ ድረስ መጣና ሠራተኛው ሁሉ እያየ ግንባሬን ቀባኝ። ዘይቱ ሻግቷል፤ ሽታው ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። ገንዳውን የሚጠብቀው ዱባለ ደግሞ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ጋሼ ደንበኞች እያጉረመረሙ ነው፣ ጠዋት ሰው ሳይመጣ ቢዋኙ ምን ይመስልዎታል አለኝ። እኔ ስገባ አንድ በአንድ ይወጡ ጀመር። ውሃው ውስጥ የሚናፈጡት ሰዎች እኔን ተጸየፉኝ! ሙዓዝ ብቻ አልወጣም፤ ወላሂ ሰፋ አለልን ብሎ እጁን እያወናጨፈ ቀጠለ።

ነሐሴ ላይ አጎትሽ አቶ ደገፉ እህል መጋዘናቸው ድረስ አስጠርተው ያሉኝን አንቺም ሰምተሻል። ያንን ብስክሌት ተወው ልጄ፣ እስከ ጊፋታ ብላ፣ ዘመድ ተሰብስቦ በዓይኑ ይይህ፣ ከዚያ ጥር ላይ እንድራችኋለን አሉኝ። እሺ አልኩ። ሠርጋችን በኔ ክብደት መወሰኑ ቢያቃጥለኝም ላንቺ ብዬ እሺ አልኩ። ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፣ ገንዳውንም ተውኩት፤ ሙዓዝ ቢናደድም ጥርሴን ነክሼ ቤቴ ተቀመጥኩ።

የጊፋታውን ምሳ እንደገና አልነግርሽም ነበር፤ ግን አንቺ ጓዳ ነበርሽና ሁሉን አላየሽም። ሰፈርተኛው ዓመቱን ሙሉ አጠራቅሞ የገዛው ሰንጋ ተጥሏል። የእንሰቱ ምግብ፣ ሙቹዋው፣ ቅቤ ላይ ይዋኛል፣ ዳጣው ገና ሳይቀርብ ዓይን ያቃጥላል። በዓል ነው፣ ዮ ዮ ጊፋታ እየተባለ ነው፣ እኔ ስቀመጥ ግን ሁሉም እጁን ሰበሰበ። ማንም ለራሱ አልቆረሰም። አጎትሽ ቢጫ ጮማውን እየመረጡ፣ በቅቤ በራሰ እጃቸው እያጎረሱኝ፣ ሰው ሁሉ ጉሮሮዬን ያያል። ወረደ አልወረደ! ቅቤው በአገጬ ይወርዳል፣ እሳቸው በአውራ ጣታቸው ጠርገው መልሰው አፌ ውስጥ ይከቱታል። ስንት ወር ስብ ያልነካ ሆድ ይህን ይችላል? እምቢ ብል ደግሞ ጥር የለም። ዋጥኩ፣ ዋጥኩ፣ መጨረሻ ላይ ተነሥቼ ሮጥኩ።

ጓሮ እንሰቱ ሥር ሁሉም ወጣ። ቀና ስል ዘመድሽ በሙሉ በሩ ላይ ቆሟል። እናትሽ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገዋል። አጎትሽ እንደ ለቀስተኛ በለሰለሰ ድምፅ፣ እግዚአብሔር ይማርህ ልጄ፣ አንጠላህም፣ ግን ልጃችን ጤነኛ ናት፣ የአባቷ አደራ አለብን አሉ።

አንቺም የእጅ ውሃ ይዘሽ መጣሽ። ክንድሽን ዘርግተሽ፣ ቀሚስሽን በሌላው እጅሽ ሰብስበሽ፣ ጠብታው እንዳይነካሽ ከሩቅ አፈሰስሽልኝ።

አንቺ! ቸርች ከጋብቻ በፊት ተመርመሩ ሲለን፣ ሶዶ ሰው ያውቀናል ብለሽ ሐዋሳ አብረን የሄድን ሰዎች ነን። የኔን ውጤት ገና ከበሩ እንደወጣሁ ነግሬሻለሁ። ከዚያ አንቺ ገባሽ፣ ወጣሽ፣ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ እስኪመሽ ተቀመጥን። ሠርጉ አይቀርም አልኩሽ። ከልቤ ነበር። ለማንም እንዳትናገር ብለሽ አስማልሽኝ፣ ማልኩልሽ።

እንሰቱ ሥር ሆኜ ስጠብቅሽ የነበረው አንዲት ቃል ነው። እሱ ጤነኛ ነው፣ አውቃለሁ፣ ብትዪ ይበቃ ነበር። ስለ ራስሽ ምንም እንድትዪ አልፈለግኩም። እኔ አንድ ቃል ብናገር አጎትሽም እናትሽም እዚያው በደነገጡ፤ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፣ መልሼ ዋጥኩት። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ጮማውን ያልቻለ ሆዴ እሱን ቻለው። እስከ ዛሬ የሚያንገፈግፈኝ ግን ያ ከሩቅ የፈሰሰው ውሃ ነው። እጄን ስታጠብ ራሴን ተጸየፍኩት። ለራሴም የታመምኩ መሰለኝ።

የኛ ሰው ቂም ይዞ ጊፋታን አይሻገርም፤ እኔ ዘንድሮ ተሻገርኩ። አትፍሪ፣ መሐላዬን አላፈርስም። ቂሙም ቢሆን ከባድ ነው፣ ይዘውት ዳገት አይወጣም፤ አንድ ቀን ቦዲቲ መንገድ ላይ ይወድቅልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ፍርሃትሽን አውቀዋለሁ። ሰዎቹን አይቻቸዋለሁኮ! እኔን ያለ ምንም እንዲህ ካደረጉኝ አንቺን ምን ሊያደርጉሽ እንደሚችሉ ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

ወደ ገንዳው ተመልሻለሁ። ሰዎቹ አሁንም ይወጣሉ፤ ውሃው አሁንም ያው ነው፤ እኔ ግን መጎንጨቱን ትቼ መዋኘት ችያለሁ። ኅዳር ላይ ከሙዓዝ ጋር ሐዋሳ እንወዳደራለን። መጨረሻ እንደምወጣ አውቃለሁ፣ ግድ የለኝም።

እናትሽን ሰላም በዪልኝ፣ ቢጸየፉኝም እናት ናቸው። ጌታ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም፣ የሚያስደነግጥሽን ያርቅልሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። መልስ አትጻፊልኝ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ። በባዶ ሆድ ከከበደሽ ቁርስሽን በልተሽ ውሰጂው። ሰው ያየኛል ብለሽ የምትዘዪው ቀን አይኑር፤ ሰዉ እንደሆነ የሚያየው እኔን ነው።

የቀድሞ እጮኛሽ