ምድጃ ስለገቡት ምዕራፎች፣ ለቅዳሜው ሐያሲ

ለተከበሩ የጋዜጣው የቅዳሜ ዓምድ የመጻሕፍት ሐያሲ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ በተለይ ዓይንዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ እመኛለሁ፤ ስለ ታላቁ ሩሲያዊ ደራሲ ገና ብዙ ጊዜ ሐሳብዎን ሊቀይሩ ስለሚችሉ ያስፈልግዎታል።

እኔ የአንድ አንባቢዎ ሚስት ነበርኩ። ባለቤቴ የውሃ መሐንዲስ ነበር፤ በወጣትነቱ ሩሲያ ተምሮ ሲመለስ የደራሲውን ትልቅ ልቦለድ በሻንጣው ይዞ መጣ፣ ጡረታ ሲወጣም ወደ ቋንቋችን ይመልሰው ጀመር። የምግብ ጠረጴዛውን ወርሶ፣ እኔን ከነሳህኖቼ ወደ ማድቤት አሰድዶ፣ ልብስ ስተኩስ የጻፈውን ያነብልኝ ነበር። ደስተኞች ነበርን።

አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ ሙያ ለባለቤቱ ነው እያለ እርስዎን ያምን ነበር። እንግዲህ ውለታዎን በተራ ልቁጠር።

አንደኛ፣ ደራሲው ነገር ያንዛዛል ብለው ጻፉ። ባለቤቴ ጋዜጣውን አጥፎ መቀሱን አነሳ፤ ከትርጉሙ የበረዶው ጉዞ ምዕራፍም፣ የአክስቲቱ ሠርግ ምዕራፍም ምድጃ ገቡ። ሌላ ቅጂ አልነበረም፤ የተሰረዘ ነገር ቤት ውስጥ ማቆየት አይወድም ነበር። ስለ ማገዶው አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ደራሲው አስለቃሽ ነው፣ የሟች አልጋ ሲያይ ብዕሩን መግታት ያቅተዋል አሉ። ልጅቷ በአባቷ አልጋ አጠገብ የምትቀመጥበትን ምዕራፍ ሲያነብልኝ ካውያዬን አስቀምጬ አልቅሼ ነበር፤ እሱም አልቅሷል። ይህን እንኳ ተወው ብዬ ለመንኩት። «አንቺ የምታለቅሺው ስለምትወጂኝ ነው፤ እሳቸው ግን ያውቃሉ» አለኝና ቀደደው። ይህን ይቅር ልልዎ እየሞከርኩ ነው፤ ገና አልቻልኩም።

ሦስተኛ፣ ደራሲው ጊዜው አልፎበታል፣ ለዛሬ ሰው የሚነግረው የለም ብለው ደመደሙ። ባለቤቴ ትርጉሙን እርግፍ አድርጎ ተወው፤ ጠረጴዛው ባዶ ሆነ፣ ሳህኖቼም ተመለሱ፤ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንበላ ነበር፣ የምናወራው ግን አልነበረንም። በዚያው ክረምት ልቡ ከዳው። ሐኪሙ የልብ በሽታ ነው ስላለ፣ እርስዎን አልከስም።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ መጽሐፉን እንደገና አንብበው፣ ከዚህ ሥራ አንዲት ቃል መቀነስ ወንጀል ነው አሉ፤ ያ የአልጋው ምዕራፍም እንዳስለቀሰዎት ጻፉ። እንኳን ደስ አለዎት። ጅብ ከሄደ በኋላ ስለሚጮኸው ውሻ የሚነገረውን ተረት ለእርስዎ ዓይነት ሰው መጥቀስ ነውር ስለሆነ ትቼዋለሁ። ሰው ሐሳቡን መቀየሩ ክፉ አይደለም፤ እርስዎ ለመቀየር ዕድሜ አገኙ፣ እሱ አላገኘም።

ከዚያ ምዕራፍ የቀረኝ በቃሌ የያዝኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እጁን ይዛ ነበር፤ እሱም በር ሊከፍት እንደሚነሣ ሰው ጣቶቿን ቀስ ብሎ ለቀቀ።» ሆስፒታል ውስጥ አልጋው አጠገብ ስቀመጥ ልክ እንደዚያ ሆነ። ደራሲው አላንዛዛም፤ እንዲያውም አሳጥሮታል።

ብዕርዎ እንዲረዝም፣ ትዝታዎም እንዳያጥር ከልብ የምመኝ፣
የታማኝ አንባቢዎ መበለት

ሳልረሳው፦ በጽሑፍዎ መጨረሻ፣ ይህን መጽሐፍ ወደ ቋንቋችን የሚመልስ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል ብለው በቁጭት ጠይቀዋል። አልጠፋም ነበር። እርስዎን ያነብ ነበር።