የዛሊፒ ደወል

ሰኞ

ውሃ ነው የጠየቁት! ሰውዬው እየቀባዠሩ አይደለም። “ቮዳ፣ ቮዳ” ነው የሚሉት፤ በቼክኛ ውሃ ማለት ነው። ቤቱን የረገጠ ሰው ሁሉ ግን “ስትሮኩ አእምሯቸውን ወስዶታል” ሲል ከርሟል።

ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አዲሱ ክላየንቴ ናቸው፤ ፓን ዮሴፍ፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸው። ቤታቸው ሮቢንስዴል ነው። ስትሮኩ እንግሊዝኛውን ከአፋቸው ነጥቋቸዋል፤ ቢሰሙትም የሚወጣቸው የልጅነት ቋንቋቸው ብቻ ነው። ልጃቸው ጁዲ የፊታችን ዓርብ አእምሯቸው የደከመ አረጋውያን መኖሪያ ልታስገባቸው ወረቀቱን ጨርሳለች። እኔ ደግሞ በሃያ ዓመቴ ለትምህርት ቼኮስሎቫኪያ ተልኬ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ቼክኛ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ውሃውን አቀበልኳቸውና “ፕሮሲም፣ ፓን ዮሴፍ”፣ እንኩ አቶ ዮሴፍ፣ አልኳቸው። እጄን ይዘው አለቀሱ። እኔም።

ቤቴ ኮሎምቢያ ሃይትስ እስክደርስ የቼክኛ ቃላት እየለቀምኩ ድራይቭ አደረግሁ። ዳቦ። በረዶ። ኩሬ። ፕለም። ቤትም ስደግማቸው የሰማች ልጄ “ማም፣ ዩ ስፒክ ቼክ?” አለችኝ። ለካ ነግሬያት አላውቅም።

ማክሰኞ

አባትሽ የሚናገሩት ቼክኛ ነው ብላት ጁዲ አላመነችኝም። “አባዬ ስለ አገሩ አንድ ቀን አውርቶን አያውቅም። እማዬ የዚህ አገር ሰው ነበረች፣ ቤታችን ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ነው” አለች። ቆይታ ግን “እስቲ ጠይቂልኝ” አለችኝ።

መንደራቸው ዛሊፒ ትባላለች። አርባ የማይሞሉ ቤቶች፣ መሃል ላይ የዓሣ ኩሬ። በመኸር ውሃው ይለቀቅና ዓሣው ይለቀማል። ከኩሬው በላይ ሊፓ የሚሏቸው ሁለት ትልልቅ የጥላ ዛፎች፣ በመካከላቸው በጦርነት የሞቱት ስም የተቀረጸበት ድንጋይ። የአጎታቸውም ስም አለበት። ጉብታው ላይ ነጭ ጸሎት ቤት፣ ጣሪያው ላይ ደወል። በጦርነቱ ጀርመኖች ደወሉን አቅልጠው መሣሪያ ሊሠሩበት ወሰዱት። ሰዉ ቁራጭ የባቡር ሐዲድ ሰቅሎ በመዶሻ ሲመታ ኖረ። በኋላ አዲስ ደወል መጣ። ደዋዩ የእሳቸው አባት።

እኔ ቋንቋ የተማርኩባት መንደርም ኩሬ ነበራት። ክረምት ሲመጣ በረዶው ላይ ስንሸራተት የሳቅነው ሳቅ ዛሬ ጆሮዬ ላይ መጣ። ያኔ ጉልበቴም አያመኝም ነበር።

ረቡዕ

ዛሬ ምሳም አልበሉ። ሺፍቴ ሊያልቅ ሲል ብቻ “ማን ደወለለት?” አሉኝ።

እየጠየቅኳቸው ቀስ እያለ ገባኝ። የውጭ ታንኮች አገራቸው ሲገቡ፣ በሃያ ሰባት ዓመታቸው ጥለው ወጡ። በዓመቱ አባታቸው ሞቱ። በዛሊፒ ሰው ሲሞት ደወል ይደወላል። ለደዋዩ መደወል የነበረበት ልጁ ነው። እሳቸው ግን ቢመለሱ እስር ቤት ነው የሚጠብቃቸው። አባቴ ደወል ሳይደወልለት ተቀበረ ይሆን እያሉ ይህን ሁሉ ዘመን! ለልጆቻቸው ስለ መንደሩ ትንፍሽ ያላሉት ለዚህ ነው።

ለጁዲ ነገርኳት። ኩሽና ገብታ ብዙ ቆየች።

ሐሙስ

ጁዲ የመንደሩን ማዘጋጃ ቤት ስልክ ከኢንተርኔት አወጣች፤ እኔ ደወልኩ። ቼክኛዬ ተሰባበረ። ያነሳችው ሴት ግን ታገሰችኝ። እናቷን ጠይቃ መልሳ ደወለች። እናትየዋ ያኔ ልጃገረድ ነበሩ፣ ያስታውሳሉ። “ልጁ ስለሌለ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ወጥቶ ገመዱን እየተቀባበለ ደወለ” ብለዋል።

ለፓን ዮሴፍ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“ከየቤቱ?”

“ከየቤቱ።”

“ባለ ወፍጮውም? ከአባቴ ጋር አይነጋገሩም ነበር።”

“እሱን አልጠየቅኩም” አልኳቸው። ሳቁ! ምሳቸውን ጨርሰው በሉ።

ዓርብ

ሊወስዷቸው የሚመጡት ዛሬ ነበር። ጁዲ በጠዋት ደውላ አስቀርታዋለች።

ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ፣ እዚያ የማታው ደወል ሲደወል፣ የማዘጋጃ ቤቷ ሴት ጸሎት ቤቱ ሥር ቆማ በስልክ ደወለችልን። ስፒከር ላይ አደረግነው። ድምፁ ቀጭን ነው። ፓን ዮሴፍ ጣታቸውን አነሱና “ፈጠነ” አሉ። “አባቴ ረጋ አድርጎ ነበር የሚደውለው።” ጁዲ “ምን አለ? ምን አለ?” ትለኛለች፤ እኔ መተርጎሙን ትቼ ደወሉን አዳምጣለሁ።

ሐኪሙ ሰኞ እንደገና ያያቸዋል። ምን እንደሚል እንጃ። ስወጣ ጁዲ ወረቀትና እርሳስ ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች፤ እሳቸው የተወለዱበትን ቤት ይስሉላታል። እሷ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ እሳቸው በቼክኛ ይመልሳሉ። ኮቴን ለብሼ በሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ለትርጉም አልጠሩኝም።