ሲሕር ስለተባለው የጉበት ደም

ለክብርት ወ/ሮ አስማ ሙሄ
የመንፉሐ ሴቶች መረዳጃ ዕድር ሰብሳቢ
ሪያድ

ቀን፦ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በሲሕር (በድግምት) ከመከሰሴ በፊት ሴት አስተርጓሚ እንድትመደብልኝ ስለመጠየቅ

አመልካች ራቢያ እንድሪስ እባላለሁ። የባቲ ልጅ ስሆን ባዲዓ ሰፈር በአንድ ቤት አዳሪ ሠራተኛ ነኝ። ይህ ጽሑፍ በክብርትነትዎ እጅ ብቻ እንዲከፈት በትሕትና እለምናለሁ፤ በማስቲሽ ያሸግሁትም ስለዚሁ ነው። የምታደርሰው ስንቅነሽ የጎረቤት ቤት ሠራተኛ ናት። አላማኋትም፤ ሆኖም «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ይባላል። ማሸጊያው ተነክቶ ከደረሰዎ ይወቁልኝ።

1. ከአገር ልወጣ ስል ደላላው አንድ መድኃኒት ቤት ጓዳ አስገብቶ መርፌ አስወጋኝ። የመንገድ ክትባት ነው አለኝ። አብረውኝ የተወጉት ሴቶች ዝም ስላሉ እኔም ዝም አልሁ። የእርግዝና መከላከያ መሆኑን ያወቅሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። ባል የለኝም፤ ታዲያ ከማን እንዳላረግዝ እንደፈራልኝ ደላላው አልነገረኝም። በምንገባበት ቤት ምን እንደሚገጥመን ግን ያውቅ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

2. በመርፌው ምክንያት የወር አበባዬ ቀረ። ረመዳን ሲገባ አንድም ቀን ሳልፈታ ጾምሁ፤ ከሶላትም አልጎደልሁም። ምስጋና ጠብቄ ነበር። እመቤቴ ግን ሴት ልጅ የወር አበባ ሳያስፈታት እንዴት ወሩን ሙሉ ትጾማለች ብላ ሆድ ሆዴን ታይ ጀመር። ያለ ባል ያረገዘች ሠራተኛ እዚህ ምን እንደሚደርስባት ለክብርትነትዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል።

3. ስለዚህ ፈርቼ አታለልሁ። ኩሽና ካለው ጉበት ደም እየወሰድሁ ሞዴስ ላይ እየቀባሁ፣ እንድታየው ቅርጫት ውስጥ እጥል ነበር። በነዚያ ቀናት ሶላቴንም ተውሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከሁሉ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ስቀባ ደረሰችብኝ። የእርግዝናውን ነገር እርግፍ አድርጋ ትታ፣ በቤቴ ሲሕር ትሠሪያለሽ፣ ልጆቼን ልታስደግሚባቸው ነው ብላ ጮኸች። ስልኬንም ቀማችኝ።

4. ከዚያ አስተርጓሚ ፈልጋ በራሷ ስልክ ከዕድሩ ጸሐፊ ከአቶ ጃፋር ጋር አገናኘችኝ። እያፈርሁም ቢሆን ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርሁት። እሱ ግን «እህቴ፣ ይሄ እኮ ዓይብ ነው፣ ነውር! ለወንድ እንዲህ ይነገራል? ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ አረጋጋታለሁ» አለኝ። በዐረብኛ ሲያነጋግራት ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ። መርፌን ኢብራ እንደሚሉት አውቃለሁ፤ ኢብራ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ታማለች፣ አላህ ያሽራት ብሎ ዘጋ። አፍሮ ይሁን ወይስ ከነዚያ ደላሎች ጋር ይተዋወቅ አላውቅም፤ ሁለቱንም እጠረጥራለሁ። የወር አበባን ስም መጥራት ያሳፈረው ሰው፣ የእኔ ሲሕረኛ ተብዬ መቅረት አላሳፈረውም። በዚህ በጣም ተናድጃለሁ።

5. እመቤቴ አልተረጋጋችም። ባሏ ከጉዞ ሲመለስ ለፖሊስ እንደሚያስረክበኝ ነግራኛለች፤ የሚመለሰውም በዚህ ሳምንት ነው። ስለሆነም እሱ ሳይመጣ፣ ክብርትነትዎ ራስዎ ወይም ሕክምና የተማረች ሴት ለእመቤቴ ደውላችሁ በዐረብኛ መርፌው በሴት ገላ ላይ ምን እንደሚያደርግ እንድታስረዱልኝ እጠይቃለሁ። እሷም ሴት ናት፤ ከሴት አፍ ብትሰማው ትረዳለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በዓርቡ ስብሰባም ስለዚህ መርፌ ለሴቶቹ ይነገርልን። ክትባት ነው ተብላ የተወጋችው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አፍረን ነው እንጂ። ትምህርቱ ሲሰጥ አቶ ጃፋር ከመጋረጃው ጀርባም ቢሆን እንዳይቀመጥ።

6. ይህን ልጨርስ ስል የደረሰ አንድ ነገር አለ። የመርፌው ጊዜ አልፎ ነው መሰለኝ፣ ትናንት የወር አበባዬ በእውነት መጣ። በሌላ ጊዜ ቢሆን አልሐምዱሊላህ ብዬ እደሰት ነበር። አሁን ግን ደም ካየች የምትለውን ስለማውቅ፣ የውሸቱን እንድታይልኝ ስጥል የኖርሁት እኔ እውነተኛውን በጨርቅ ጠቅልዬ ፍራሼ ሥር ደብቄአለሁ። ፍራሹን ደግሞ ትፈትሻለች። ሳታገኘው ይድረሱልኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከእህትነት ሰላምታ ጋር

ራቢያ እንድሪስ
(ፊርማ)