ክሊኒኩ በር ላይ የተሰቀለው ምስል

ለልጄ ለሰዳም፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ያለህበት አገር ይመችህ። ጎረቤታችን ካሰች ወንዛዬ ፍል ውሃ ገብታ ጉልበቷ ተሻላት፤ ሴት ልጇም በሰላም ተገላገለች።

ሚስትህ ሂክማ ደህና ናት፣ እህል ብቻ አልወርድላት ብሏል። ያ ጽንስ ሳይጨናገፍባት በፊት በአልትራሳውንድ ያነሱትን ምስል ክሊኒኩ ለማስታወቂያ በሩ ላይ ሰቅሎት የለ! ሄጄ «የልጅ ልጄ ነው፣ አንሱልን» ብላቸው፣ «እትዬ ሀጂራ፣ በእኛ ማሽን የተነሣ የእኛ ነው» አሉኝ። ሂክማ ይህን ስትሰማ «እማዬ፣ ተይው፤ ሌላ የት አየዋለሁ?» አለችኝ። ለካ ገበያ ሄድኩ እያለች እዚያ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል የምትውለው።

ዛሬም ገበያ ብላ ወጥታለች።

አላህ ይጠብቅህ፤ ደውልላት፣ ልጄ። ካሰች አሁን መጥታ «እሰይ፣ ምስሉን ከበሩ ላይ አነሱት እኮ! ስጡኝ ብላቸው ቀደው ጣሉት» አለችኝ።

እናትህ ሀጂራ፣ ከወረታ