ለማንም አልሰጥም

ጥቅምት 6፣ ሰኞ

ፀጉር ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ሙሉ። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ አንዴም ሳይቀዘቅዝ መሸ።

ከሰዓት ከሕፃናት ጽሕፈት ቤት ተደወለ። ሐሙስ ቤታችንን ሊያዩ ይመጣሉ! የአደራ ቤተሰብ ለመሆን ካመለከትን ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ሲዘል ነው የከረመው። ወላጆቹ ማሳደግ ያቃታቸውን ልጅ ማቆየት... እነሱ እስኪችሉ ድረስ። ለባሌ ነገርኩት። ታክሲውን ጥግ አስይዞ፣ «እኔንም ያዩኛል እንዴ? ጢሜን ልላጭ?» አለ። ይቀልድ። የበረንዳውን የላላ ብረት ግን ማታውኑ ሲያጠብቅ አገኘሁት።

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ

ባለሙያዋ ልጅ እግር ናት። ትሁት። ምድጃውን፣ መስኮቱን፣ የመድኃኒት ሳጥኑን አየች። ከሥራ ያመጣሁትን የፀጉር ቀለም «ይቆለፍበት» አለች። እሺ። የልጅ ክፍሉን ስታይ ፈገግ አለች። ሁሉም ሰመረ ስል...

«ልጅ ቢመጣልዎ እንዴት ነው የሚይዙት?»

«እንደ አብራኬ ክፋይ! እዚህ ቤት ከገባ ለማንም አልሰጥም።»

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናቱ ብትመጣስ?»

«እስካሁን የት ነበረች? ልጇን ጥላ የሄደች እናት...»

አልጨረስኩትም። ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ምን አጠፋሁ? ከዚህ የበለጠ ፍቅር አለ እንዴ?

ጥቅምት 17፣ ዓርብ

ባለሙያዋ ደወለች። አልተከለከልንም፤ አልተፈቀደልንምም። ሥልጠና እንወስድና ኮሚቴ ፊት እንቀርባለን። ልጁን መመለስ እንደምችል ማሳየት አለብኝ። ደሜ ፈላ። ለመውደድ ሥልጠና!

ታላቅ እህቴ ይባስ ብላ፣ «ተገላገልሽ በይ» አለችኝ። «አሳድገሽ ሲወስዱብሽ ማን ሊያጽናናሽ ነው? እኔ እንደሆነ አቅም የለኝም።»

ተይ ያለችኝን ነገር ትቼ አላውቅም። እሄዳለሁ።

ጥቅምት 28

ተመዘገብን። ሥልጠናው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ! ፀጉር ቤት የሚጦፍበት ቀን... ይጡፍ።

ኅዳር 16፣ ቅዳሜ

ዛሬ አሠልጣኙ አንዲት እናት ጋብዞ አመጣ። እሷ ሆስፒታል ተኝታ ልጇ ሰው ቤት ነው የቆየችው። ዘመድ የላትም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር የምታወራው።

«በሽታውን አልፈራሁትም» አለች። «የምፈራው ልጄን የያዘችውን ሴትዮ ነበር። እናትሽ ጥላሽ ሄደች ብትላት፣ ልጄ ታምናታለቻ!»

ቀና ማለት አቃተኝ። ያቺ ሴትዮ እኔ አይደለሁም እንዴ? በዓይኔ አይቻት የማላውቃትን እናት ሳሎኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰደብኩ... አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ሲያልቅ ጠጋ ብዬ፣ «ታዲያ ሴትዮዋ ምን አለቻት?» አልኳት።

«‹አሟታል፣ ሲሻላት ትመጣለች› አለቻት። በቃ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ባሌ ቀልድ አላመጣም። እኔም አልናፈቀኝም።

ታኅሣሥ 20፣ ዓርብ

ኮሚቴ። ረጅም ጠረጴዛ፣ የተኮሳተረ ፊት። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለማንም አልሰጥም ብለው ነበር» አሉኝ። ተጽፎልኛላ!

«ብያለሁ» አልኩ። «አሁንም ልጁ ሲሄድ አለቅሳለሁ። እሱን አልዋሽዎትም። ግን በር ላይ አልቆምበትም።»

«እኔ በታክሲዬ አደርሰዋለሁ» አለ ባሌ። «ሒሳብም አልቀበልም።»

ኮስታራዎቹ ሳቁ። እኔ በጠረጴዛው ስር እግሩን ረገጥኩት።

ጥር 8

ተፈቀደልን! ስልኩን ዘግቼ፣ ቀለም በነካው እጄ ደንበኛዬን አቀፍኳት። ነጭ ሸሚዝ ነው የለበሰችው። እኔ አጥብልሻለሁ አልኳት።

የካቲት 4፣ እሑድ

መጣች። ትንሽዬ ልጅ። ጫማዬን አላወልቅም ብላ ከነጫማዋ ተኛች። ትተኛ።

እናቷ ከመጠጥ ለመላቀቅ ሕክምና ገብታለች አሉን። ሰማሁ። አንድም ቃል አልተነፈስኩም... ይሄም ሙያ ነው።

የካቲት 24፣ ቅዳሜ

እናትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጠይቃት መጣች። ራሷ ልጅ ናት እኮ! ልብሷን ተኩሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ...

ትንሿ ቀሚሴን ጨምድዳ አልለቅም አለች። እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ። ለአፍታ። ከዚያ ጣቶቿን አላቅቄ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጥኳት። ኩሽና ገብቼ ንጹሕ ብርጭቆ ሳጥብ ቆየሁ።

እናትየው ስትወጣ በር ላይ ያዘችኝ።

«እትዬ... ታነሳኛለች?»

ትንሿ አንድም ቀን ስሟን አንስታ አታውቅም።

«እንዴታ!» አልኳት። «በየማታው ነው እንጂ።»

ፊቷ በራ። ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

ትንሿን ካስተኛኋት በኋላ መብራቱን ሳላጠፋ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«እማዬ ስትስቅ እንዴት ነው የምትስቀው? እስቲ አሳዪኝ።»

አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

ነገ ማታ ደግሞ እናቷ ምን እየዘፈነች ታስተኛት እንደነበር እጠይቃታለሁ።