የደፈንኳት ቀዳዳ

ውድ ዓለሜ፣

ከሰላምታዬ በፊት ጥፋቴን ላስቀድም፤ አበባሽን ልገድልብሽ ነበር። ትዳን አትዳን እስካሁን አልለየልኝም።

ሆስፒታል ከመግባትሽ በፊት በነበረው ሳምንት ገዝተሻት የመጣሽውን፣ ከእንቁላል እምብዛም የማትበልጥ ማሰሮ ውስጥ ያለችውን ኦርኪድ ማለቴ ነው። "ይቺ ደግሞ አሻንጉሊት ናት እንዴ?" ብዬ ስቄብሽ ነበር። "አንተ ሰውዬ፣ ትልቅ ትልቁ ብቻ ነው የሚታይህ" አልሽኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጎንበስ ብዬ ያየኋት አንቺ ካለፍሽ በኋላ ነው፤ ያውም መነጽሬን አድርጌ። የአውራ ጣቴን ጥፍር የማታክል አበባ፣ መሐሏ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አላት። ና እያት ሳትዪኝ አልቀረሽም፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ቤቱ ጭር ብሏል። ሁለት ብርጭቆ አውጥቼ አንዱን እመልሳለሁ። ከጠዋት ጸሎቴ በኋላ የማናግረው ሰው ባጣ እሷን "እንደምን አደርሽ" ማለት ጀመርኩ። ባዶ እጅ ሰላምታ ደግሞ ደስ አይለኝም፤ ውሃ አጠጣታለሁ። በየቀኑ። ታዲያ ውሃው እየተንጠባጠበ ከሥሯ ያለውን የስፌት መኪናሽን አረጠበብኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ቧንቧ የሠራ ሰው የሚያንጠባጥብ ነገር ሲያይ ምን ያደርጋል? ገለበጥኳትና የማሰሮዋን ቀዳዳ በሲሊኮን ደፈንኩት። በጣቴ ሁሉ አለሳልሼ፣ "አሁን ጠብ አትልም" ብዬ ኮራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አበባዋ ረገፈ፣ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። የጠማት መስሎኝ ጨመርኩላት።

መጨረሻ ላይ በጋዜጣ ጠቅልዬ ለሸጠችልሽ ሴትዮ ወሰድኳት፤ ያቺ "ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ረጅም" የምትያት፣ ከፋርማሲው ጎን ያለችው። ገልብጣ አየቻት።

"ጋሼ፣ ይሄን ማን ደፈነው?"

"እኔ ነኝ። ያፈስ ነበር።"

"ማፍሰሱማ ጤናዋ ነው! ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ።"

"ኑ እዩልኝ!" ብላ ጎረቤቶቿን ጠራች። "ቧንቧ ሠሪው አበባ አሰመጠ!" ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠችው። "የማን ናት?"

"የባለቤቴ።"

"እሳቸውስ?"

የጠቀለልኩበትን ጋዜጣ ማጣጠፍ ጀመርኩ። እሷም በርጩማዋን ለቀቀችልኝ።

ሥሮቿ በስብሰው ነበር። በመቀስ እየቆረጠች ጣለቻቸው፤ አንድ ብቻ ቀረ። እሱን ቀዳዳ ባለው ማሰሮ፣ በዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ ውስጥ አኖረችው። "ሥሩ ነጣ ሲል ብቻ ያጠጡ። ውሃው ይውጣላት፤ ካልወጣላት ትበሰብሳለች። ትድናለች ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም" አለችኝ።

መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት አንቺን ነው። ያን ማክሰኞ ከሐኪሙ ዘንድ ስንመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሽና "ፈራሁ" አልሽኝ። ዓይንሽ ሞልቶ ነበር። እኔ ደግሞ "ተይ፣ እንዲህ አይባልም፣ እግዚአብሔር አለ" አልኩሽ። ዋጥሽው። በሌላ ቀን ደግመሽ ጀመርሽው፤ አሁንም ሳትጨርሺ ስሙን ጠራሁብሽ። እምነት መስሎኝ ነበር። ጌታዬ ይቅር ይበለኝ፣ የጠራሁት አንቺን ላጽናና ሳይሆን የራሴን ፍርሃት ልወትፍበት ነው። አጠገብሽ ተቀምጬ ብቻሽን እንድትፈሪ ተውኩሽ፣ ዓለሜ።

ልጃችን በየእሑዱ ትደውላለች። "አባዬ፣ በላህ? ተኛህ?" "በላሁ። ተኛሁ።" ድምፅዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር "በይ በርቺ" ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ። ባለፈው እሑድ "አባዬ፣ እማዬ የሠራችልኝን ሹራብ ዛሬ ለበስኩት" አለችና ድምፅዋ ተቆረጠ። "በርቺ" ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኔ መስኮቱ ላይ ካለችው ማሰሮ አረፈ። "አልቅሺ ልጄ፣ አለሁ" አልኳት።

አለቀሰች። ስልኩ ጆሮዬ ላይ እስኪግል አለቀሰች። ሲወጣላት "አንተስ፣ አባዬ?" አለችኝ። እኔስ? ከቀብርሽ ወዲህ የጠየቀኝ አልነበረም። አፌን ስከፍት የወጣው ቃል አልነበረም። እሷም "በርታ" አላለችኝም።

አበባሽ አዲስ ቅጠል አላወጣችም። ያቺ አንድ ሥር ግን አለች። ዛሬ ነጣ ብላ ስላገኘኋት አጠጣኋት፤ ውሃው በቀዳዳዋ እየወረደ ከታች ያስቀመጥኩት ሳህን ላይ ጠብ፣ ጠብ ሲል እስኪያበቃ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩት።

ፈቃዱ ሆኖ ስንገናኝ አንቺ ቀድመሽ ተናገሪ። ያን ማክሰኞ ካቆምሽበት ጀምሪው። እስክትጨርሺ አልናገርም።

ትልቅ ትልቁ ብቻ ይታየው የነበረው
ሰውዬሽ